የዳርዊንን ደብዳቤዎች ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቻርልስ ዳርዊን ኬንት ገጠር ካለው ቤቱ ብዙም አይወጣም ነበር። ዓለምን ደጁ ድረስ ያመጣለት ፖስታ ነው። ዛሬ ከሳይንስ ወዳጆቹና ከሌሎችም ጋር የተጻጻፋቸው ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ደብዳቤዎች ይታወቃሉ። ሲያነቧቸው ይጥማሉ፤ ግን በቀላሉ ያሳስታሉ።

ዋናው ስህተት አንዲት ሐረግ መዝዞ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1844 ዳርዊን ለዕፅዋት ተመራማሪው ጆሴፍ ሁከር ጻፈ። ዝርያዎች አይለወጡም የሚለውን እምነት ወደ መተው እንደ ደረሰ ነገረው። በቅንፍ ደግሞ «ግድያን እንደ መናዘዝ ነው» አለ። ይህችን የማይጠቅስ የለም፤ በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ ሰው ይታየናል። ግን እዚያው ደብዳቤ ላይ ከፍ ብሎ የሚጠይቀውን ይመልከቱ፦ ትልልቅ እንስሳት በሌሉባቸው ደሴቶች፣ እንደ ጭጎጎት የሚጣበቅ ዘር ያላቸው ዕፅዋት አሉ ወይ? የሚፈራ ሰው ብቻ ሳይሆን መረጃ የሚለቅም ሰው ነው። የሁከርን መልስም አይዝለሉ። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ፣ ምንም ሳይደነግጥ፣ ለውጡ እንዴት እንደሚመጣ ብሰማ ደስ ይለኛል አለው።

ሁለተኛው አጠራሩን እንደ ቅዝቃዜ መቁጠር ነው። ሁለቱ በ«ውድ ጌታዬ» ጀምረው በኋላ «ውድ ሁከር»፣ «ውድ ዳርዊን» ተባባሉ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ማዕረግ ትቶ በቤተሰብ ስም ብቻ መጠራራት ቅርበት ነበር። ወዳጅነታቸው ዳርዊን እስኪሞት ወደ 40 ዓመት ዘለቀ።

«የዋላስን ሐሳብ ሰረቀ» የሚለውም ይቅርብዎ። የተፈጥሮ ተመራማሪው አልፍሬድ ዋላስ በ1858 ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ ዝርያዎች እንዴት እንደሚለወጡ ከዳርዊን ጋር ተመሳሳይ ሐሳብ ላከለት። ዳርዊን ግን በሴፕቴምበር 1857 ሐሳቡን ጨምቆ ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አሳ ግሬይ ጽፎ ነበር። ጁላይ 1 ቀን 1858 ለንደን በተፈጥሮ ተመራማሪዎቹ የሊኒየን ማኅበር የሁለቱም ጽሑፍ ሲነበብ ይህም አብሮ ተነበበ። ነገሩን ንጹህ ጨዋነት ማድረግም ልክ አይመስለኝም፤ ዋላስን ማንም አላስፈቀደውም። እሱ ራሱ ግን በኋላ ሲሰማ ደስ ብሎት ነበር።

ማርክስ «ካፒታል»ን ለዳርዊን መታሰቢያ ላድርግ ብሎ ዳርዊን እምቢ አለ የሚባለውስ? ወሬ ነው። ማርክስ የመጽሐፉን ቅጂ ላከለት፣ ዳርዊንም በ1873 አመሰገነው። የእምቢታው የ1880 ደብዳቤ የተጻፈው የራሱን መጽሐፍ ለዳርዊን መታሰቢያ ሊያደርግ ለጠየቀው ለጸሐፊው ኤድዋርድ አቬሊንግ ነው። አቬሊንግ ከማርክስ ልጅ ጋር ይኖር ስለነበር ወረቀቶቹ ተቀላቀሉ።

ቀኑንም በጭፍን አይመኑ። ዳርዊን ብዙ ጊዜ ዓመቱን አይጽፍም ነበር። በታተሙት ላይ በቅንፍ የሚያዩት ዓመት አዘጋጆቹ ከይዘቱ፣ ከፖስታ ማኅተሙ ወይም ከወረቀቱ ተነስተው ያወጡት ነው።