አያ ጅቦ እንዳይፈረፈር፦ ያረጁ የፊልም አሻንጉሊቶችና ፕሮፖች (የቀረጻ ዕቃዎች) አያያዝ

አያ ጅቦን ለሦስት ዓመት ያስቀመጥኩት ቡራዩ፣ ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነበር። በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከቆርቆሮው ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ። አያ ጅቦ ለአንድ የልጆች ፕሮግራም የተሠራ የእጅ አሻንጉሊት ነው። ሆዱ የፍራሽ ስፖንጅ፣ ቆዳው ጸጉራም ጨርቅ፣ አፍንጫው ላቴክስ። አንድ ቀን ፌስታሉን ስፈታው ታች የደረቀ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ተጠራቅሟል። ለካ ስፖንጁ ነው። አፍንጫው ደግሞ እንዳደረ ቂጣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ደነገጥኩና የባሰውን ሠራሁ፣ ይለስልስ ብዬ ቫዝሊን ቀባሁት። በሳምንቱ አብጦ፣ ጣት የሚይዝ ሙጫ ሆኖ አገኘሁት። አዛኝ ቅቤ አንጓች ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ፣ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት፦ ምንም አትቀቡ። ላቴክስ ከጎማ ዛፍ የሚገኝ ነገር ነው፣ ዘይትና ቅባት ያበላሸዋል። አንዴ ከደረቀ ደግሞ የሚመልሰው የለም። የምንችለው ጉዳቱን ማዘግየት ብቻ ነው።

ምን ያፈርሰዋል? ብርሃን፣ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር። የፍራሽ ስፖንጅ ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱን ይበልጥ እርጥበት ይበላዋል፣ ሌላውን ብርሃን። በዓይን አይለዩም፣ ስለዚህ ሁለቱንም እንደሚፈራ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጨለማና ደረቅ ቦታ። የኛ አካባቢ ደግሞ ለዚህ ክፉ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን፣ ፀሐዩ ቀዝቀዝ ያለ ቢመስልም ጨረሩ ኃይለኛ ነው። የቆርቆሮ ቤት በበጋ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሻጋታ ነው። እና እባካችሁ፣ «ትንሽ ፀሐይ ይምታው» ብላችሁ ገመድ ላይ አታስጡት። ጋቢ አይደለም።

እዚህ አገር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች የአሻንጉሊት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 ከጀመረ እንኳ 20 ዓመት ሊሞላው ነው ወይም ሞልቶታል። በዚያ ዘመን የተገዛ ስፖንጅ ያለው ሰው አሁኑኑ ሳጥኑን ከፍቶ ይይ።

ሥራውን ስትጀምሩ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከውስጥ፣ ስፌቱን፣ ስንጥቁን። የወደቀችውን ፍርፋሪ እንኳ በትንሽ ፖስታ አድርጉና ከየት እንደወደቀች ጻፉባት። እጃችሁን ውስጡ አታስገቡ! ይህን የምለው ሁሉም ሰው የድሮ አሻንጉሊት ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ስለሆነ ነው። አፉን ከፈት ዘጋ፣ «እንደምን አላችሁ ልጆች»፣ ከዚያ ጠሽ።

ለማጽዳት አዲስ የሜካፕ ብሩሽ በቂ ነው። አቧራውን በብሩሽ ወደ ቫኪዩሙ አፍ ግፉት፤ አፉን ግን በአሮጌ ስቶኪንግ ሸፍናችሁ እሰሩት፣ ኃይሉንም ዝቅ አድርጉት፤ አለበለዚያ የተላቀቀ ዓይን ወይም ቁልፍ ይዞ ይሄዳል። በደንብ የተቀባ ጠንካራ ነገር ላይ ለተጣበቀ እድፍ ደግሞ ሙዚየም ውስጥ ሳይቀር የሚሠሩበት ዘዴ አለ፦ ምራቅ። የጆሮ ጥጥ በምላስ ነካ አድርጋችሁ፣ በማይታይ ቦታ ሞክራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ ከዚያ ውኃ ባስነካችሁት ሌላ ጥጥ ድገሙት። ያው ጥጡን መልሳችሁ አፋችሁ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ቀለሙ ምን እንዳለበት አይታወቅም። ቀለሙ ከተነሣ አቁሙ። ስፖንጅን ማጠብማ አይታሰብም።

የተቀደደ ጨርቅ ካለ በቀጭን መርፌ፣ በድሮው ቀዳዳ በኩል ስፉት። ስፌት ይፈታል፣ ማስቲሽ አይፈታም። ደግሞ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነጩን ፎም ያቀልጠዋል። ሱፐር ግሉም ይደርቅና ይሰበራል፣ ዙሪያውን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ሌላ ሰው የማይጠረጥረው ጠላት የመዳብ ሽቦ ነው። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ መዳብ እንደልብ ስለሚታጠፍ ለጣትና ለጅራት ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ ግን መዳብ ላቴክስን ሲነካ መበስበሱን ያፋጥነዋል። በአዲስ ሥራ ላይ አይዝጌ ሽቦ ተጠቀሙ።

ዓይኑ ከፒንግ ፖንግ ኳስ የተሠራ ከሆነ ተጠንቀቁ። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ በአብዛኛው ሴሉሎይድ ከሚባል የድሮ ፕላስቲክ የተሠራ ነበር። ሴሉሎይድ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፣ ሲያረጅም አጠገቡ ያለውን ብረትና ጨርቅ የሚበላ አሲድ ያወጣል። እንዲህ ያለውን አየር በሚገባበት ሳጥን፣ ከምድጃና ከሻማ አርቃችሁ አስቀምጡ።

ብል ከገባ ናፍታሌን አትበትኑ፣ አንዳንድ ፕላስቲክን ያለሰልሳል። ጨርቅና ጸጉር ብቻ የሆነውን በፌስታል አየሩን አስወጥታችሁ አሽጉና በ−18 ዲግሪ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዩት። መብራት ሄዶ ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል፣ ምን ይደረግ። ሲወጣ አንድ ቀን ሙሉ ሳይከፈት ይደር፣ አለበለዚያ ጤዛው ጨርቁ ላይ ይሰፍራል። ላቴክስ ያለበትን ግን አታስገቡ።

ፕሮፖች ይቀላሉ። ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ከሆነ ድንጋዩን ዛሬውኑ አውጡ፣ ፈስሶ ውስጡን ሳይጨርሰው። የቆዳ ጋሻን ቅቤ መቀባት የአያቶቻችን ነው፣ ለሚያዝ ጋሻ ደግ ነው፤ ለሚቀመጥ ግን አቧራ ይሰበስባል፣ አይጥም ይጠራል። በቀረጻ ጊዜ የተጫረና የቆሸሸ ነገር ካለ ደግሞ አታሳምሩት። ጭረቱ የታሪኩ አካል ነው።

ማስቀመጫው ከመኖሪያ ቤቱ ውስጥ፣ ከውጪ ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከወለል ከፍ ያለ ይሁን። ቁም ሣጥን ታችኛው መደርደሪያ ይበቃል። መጠቅለያው አቡጀዲ ነው፤ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ አጥባችሁ፣ ያለ ምንም ማለስለሻ። ጋዜጣ አሲድ አለው፣ አይሆንም። ሆዱና አፉ እንዳይጨማደድ የትራስ ፋይበር በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ ሙሉበት። የሚጣበቀውን ክፍል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ላይ አሳርፉት፣ አይዝም። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንዴ፣ ከመስቀል በኋላ አንዴ ክፈቱና እዩ።

ቆዳው ሙሉ በሙሉ ቢረግፍም አጽሙን አትጣሉ። እ.ኤ.አ. የ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ» ፊልም የጎሪላ አሻንጉሊት ብረት አጽም ላይ ጎማና የጥንቸል ጸጉር የለበሰ ነበር። ጎማው አልቆ ባዶ ብረቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን ውስጥ ከ120 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጧል። እኛ ጋር ቢሆን ቁራሌው በኪሎ ይወስደው ነበር።

ለማሳየት ከፈለጋችሁ ቅጂ ሥሩ። አያ ጅቦ አሁን አፍንጫው ከጥቁር ጨርቅ የተሠራ ነው፣ በአራት ክር ብቻ ተይዟል፣ በፈለግኩ ጊዜ ይነሣል። አሮጌው አፍንጫ በብስኩት ሳጥን ውስጥ፣ በመጋገሪያ ወረቀቱ ላይ ተኝቷል፣ በቫዝሊኑ እንዳበጠ። ልጄ ሳጥኑን ባየች ቁጥር ጉንፋኑ አልለቀቀውም ወይ ትለኛለች።