ስምዖን ዘዓምድን ለልጆች ስታስተምሩ ገመድ ይዛችሁ ውጡ

ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል የምታስተምሩ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

የሶርያዊውን መነኩሴ የቅዱስ ስምዖን ዘዓምድን ታሪክ መጀመሪያ ያስተማርኩት ክፍል ውስጥ ነበር፣ ልጆቹን አስቀምጬ ከደብተር እያነበብኩ። «ዓምድ ላይ 36 ዓመት ያህል ኖረ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከጠረጴዛ የማይበልጥ ነገር ላይ የቆመ መስሏቸው ነበር። በሳምንቱ ደግሞ አንዱ ተማሪዬ ቤታቸው የውሃ ታንከር የተቀመጠበት ብረት ላይ ወጥቶ «አልወርድም፣ እየጸለይኩ ነው» ብሎ እናቱ ደወሉልኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው ትምህርቱን እንደገና ያሰብኩበት። አሁን ልጆቹን ጣና ዳር ይዣቸው እወጣለሁ።

የሚያስፈልጋችሁ 20 ሜትር የናይለን ገመድ፣ አራት ባለ ቀለም ጨርቅና ጠመኔ ብቻ ነው። ገመዱን በራሳችሁ ክንድ ለኩት፣ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። 6ኛው፣ 12ኛው፣ 22ኛውና 36ኛው ክንድ ላይ ቋጥሩና ጨርቅ እሰሩበት። ቁጥሮቹ ዓምዱ በየጊዜው የደረሰበት ከፍታ ናቸው፣ ከራሴ አላመጣኋቸውም። ስምዖንን በሕይወት እያለ በዓይኑ አይቶ የጻፈው የቂሮስ ከተማ ጳጳስ ቴዎዶሬት ነው ያስቀመጣቸው (በሃይማኖት ነገር ከእኛ ጋር አይስማማም፣ ያየውን ግን በደንብ ጽፏል)። ዓምዱ አንዴ ተሠርቶ ያለቀ አልነበረም። ሕዝቡ ልብሱን ለመንካት ሲጋፋ፣ እሱም ክብሩን ሲሸሽ፣ በየጊዜው ከፍ እያለ ሄደ።

ጣና ዳር ስትደርሱ ሜዳው ላይ፣ ከውሃው ራቅ ብላችሁ ገመዱን ዘርጉ። አንዱን ልጅ ጫፉን አስይዙትና ሌላዋን በገመዱ ላይ አስሂዷት። 6ኛው ክንድ ላይ ቁሚ በሏትና አውሯት። ትሰማላችሁ፣ ትሰማችኋለች። 12ኛው ላይ ትንሽ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። 36ኛው ላይ ስትደርስ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ድምፁን ይወስደዋል፣ ልጆቹም መጮኽ ይጀምራሉ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። «አሁን ይሄን ገመድ አቁሙት» በሏቸው። በአሳባቸው ሲያቆሙት አንገታቸው ወደ ላይ ይቀናል። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ያህል ነው። አንዷ ትንሽ ልጅ ገመዱን ትታ ሰማይ ሰማይ ስታይ ቆየች። አንድ ሰዓት ሙሉ ባነብላት ያንን አላገኝም ነበር።

ቀጥላችሁ መሬቱ ላይ ጠባብ አራት ማዕዘን በጠመኔ አስምሩ። እኔ በአንድ ሜትር ነው የማሰምረው። አንድ ልጅ ውስጡ ገብቶ ይስገድ፣ ሌሎቹ ይቁጠሩ። ሃያ ሳይሞላ ይደክመዋል። ያኔ ንገሯቸው፦ ከቴዎዶሬት ጋር የነበረ ሰው የስምዖንን ስግደት መቁጠር ጀምሮ 1,244 ላይ ሲደርስ ደክሞት ተወው። የደከመው ሰጋጁ አይደለም፣ ቆጣሪው ነው።

ጥያቄ ይዘንባል፣ ተዘጋጁ። «ምን ይበላል?» ይላሉ። መሰላል ነበር፣ ደቀ መዛሙርቱ ይወጡለታል። «ብቻውን ነበር?» አልነበረም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጸልይና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያስተምራል፣ የታመመ ይጠይቀዋል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ዘጠኝ ሰዓት ስትሏቸው የጾም መፍቻ ሰዓት መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። አንዲት ልጅ ደግሞ «ሴቶች ይገቡ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓምዱ ወዳለበት ግቢ አይገቡም ነበር። ሴቶች የማይገቡበትን የጣና ደሴት ገዳም፣ ክብራን ገብርኤልን አስታወስኳት፣ እናቷ በጀልባ ሄደው ከወደቡ የተመለሱበትን። ወዲያው ገባት።

አሁን ዋናው። ይሄን ከዘለላችሁ ልጆቻችሁ ታንከር ላይ ይወጣሉ። ስምዖን ገና ወጣት ሳለ፣ በገዳም እያለ፣ ከዘንባባ የተገመደ ሻካራ ገመድ ወገቡ ላይ በሥጋው አሰረ። ለማንም አልተናገረም። ሥጋው ቆስሎ ደሙ ሲታይ ነው የታወቀበት፣ በመጨረሻም ከገዳሙ አስወጡት። ዓመታት አልፈው ዓምድ ላይ ሲወጣ ደግሞ የበረሃ አባቶች ይሄ አዲስ ነገር ምንድን ነው ብለው መልእክተኛ ላኩ። «ውረድ በሉት፣ እምቢ ካለ ጎትታችሁ አውርዱት፣ እሺ ካለ ግን ተዉት» ብለው። ስምዖን ወዲያው ለመውረድ እግሩን አነሣ። እነሱም በቃ፣ ቁም አሉት።

ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ንገሯቸው፣ ለየብቻ አይደለም። መጀመሪያ በራሱ ፈቃድ፣ በድብቅ፣ ኋላ በመታዘዝ። ያንን ታንከር ላይ የወጣ ልጅ «እናትህ ውረድ ሲሉህ ምን አደረግክ?» ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ ዝም አለና «ስምዖን ይወርድ ነበር» አለኝ።

ጊዜ ካላችሁ በሌላ ቀን ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውሰዷቸው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ትምህርት ቤት ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሶቹና ከነብሮቹ ጋር ያያሉ። በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩትን አቡነ ተክለ ሃይማኖትንም አንሡላቸው፣ ልጆቹ ከቤታቸው ሥዕል ስለሚያውቋቸው መቆም ራሱ ጸሎት እንደሚሆን ለማስረዳት ይቀላል።

ስምዖን በስንክሳር ግንቦት 29 እና ነሐሴ 3 ይታሰባል። እኔ ግንቦትን እመርጣለሁ፣ ነሐሴ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ459 ነው። የዓምዱ ጉቶ ሶርያ ውስጥ፣ ከሐለብ (አሌፖ) ብዙም ሳይርቅ፣ በዙሪያው በተሠራው ባለ አራት ክንፍ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ መሃል ዛሬም አለ፣ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ውሰዱ። መስከረም 14 ደግሞ የግብፁ አጋቶን ዘዓምድ ቀን ነው፣ 50 ዓመት ዓምድ ላይ የቆመው።

ስትጨርሱ ገመዱን ጠቅልሉ እንጂ ቋጠሮዎቹን አትፍቱ። የእኔን አሁን ትልልቆቹ ልጆች ናቸው የሚይዙት፣ ለትንንሾቹም እነሱ ናቸው የሚዘረጉላቸው።