ልጅዎ በወንጀል ቢከሰስ ማስረጃውን እንዴት ይፈትሻሉ?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ሊስትሮ የሚሠራ የ13 ዓመት ልጅ «ስልክ ሰርቀሃል» ተባለ እንበል። ወላጅ ከሆኑ ምን ያደርጋሉ?

መጀመሪያ ዕድሜውን የሚያሳይ ሰነድ ይያዙ። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ የክትባት ካርድም ይጠቅማል። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው በወጣት አጥፊዎች ልዩ ሥርዓት ይዳኛል።

ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፍርድ ቤት ይገኙ። ፖሊስ ልጁን ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ሲሰጥ ልጁ የሚሰጠው ለወላጅ ወይም ለዘመድ ነው። ከትልልቅ እስረኞች ጋር ፈጽሞ መታሰር የለበትም። ወላጅም አሳዳጊም ካልቀረበለት ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቆምለታል።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ቀጥሎ ያለውን ደቂቃ ነው። ጉዳዩ በዝግ ይሰማል፣ የችሎት ወግ አይበዛበትም። ዳኛው ክሱን አንብበው «ምን ትላለህ?» ይሉታል። ልጁ ገብቶት ካመነ እዚያው ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። ልጅ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም «አዎ» ማለት ይቀናዋል። ስለዚህ ቀድመው ረጋ ብለው ያነጋግሩት። ይዋሽ ማለቴ አይደለም፤ ያላደረገውን አድርጌያለሁ እንዳይል ነው።

ካላመነ ምስክር ይሰማል። ችሎቱ ለስለስ ማለቱ የማስረጃውን ልክ ዝቅ ማድረግ የለበትም። በፍትሐ ብሔር ክርክር፣ ማለትም እንደ ገንዘብና ንብረት ባለ ጉዳይ፣ ማስረጃው ያመዘነለት ያሸንፋል። በወንጀል ግን ጥፋቱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ፣ ማለትም በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ እስከማይቀር ድረስ፣ መረጋገጥ አለበት። ለምሳሌ አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ 112 ዶላር ሰረቀ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ በፍትሐ ብሔሩ መለኪያ ጥፋተኛ ተብሎ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ውሳኔ ሽሮታል።

አሁን ወደ ሊስትሮው እንመለስ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ሲሮጥ አይቼዋለሁ» ብሎ መሰከረ። መጀመሪያ ዳኛው ይጠይቁታል። መስቀለኛ ጥያቄ የእናንተ ተራ ነው፤ በወረቀት ጽፋችሁ ግቡ። ሲሮጥ ነው ያዩት ወይስ ስልኩን ሲያነሳ? በምን ያህል ርቀት? መሽቶ ነበር? ልጁን ከዚያ በፊት ያውቁታል? ስልኩስ ማን እጅ ተገኘ? መሮጥ ብቻውን ስርቆት አይደለም። «የዚያ ሰፈር ልጆች ሌቦች ናቸው» የሚል ወሬም ማስረጃ አይሆንም።

ጥርጣሬው ካልጠራ ልጁ በነጻ እንዲሰናበት በግልጽ ይጠይቁ። ጥፋተኛ ከተባለም ስለ ትምህርቱና ስለ ጠባዩ የሚያስረዳ ሰው ያቅርቡ፤ እርምጃው ተግሳጽ ብቻ ሊሆን ይችላል። የታዘዘው እርምጃ ልጁን ከጎዳው እንዲሻሻል በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይቻላል።