ባዶ ቦታ ላይ የሚጮህ የኋላ ሴንሰር

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። «መኪናዬን ወደ ኋላ ስነዳ ነገር ሲቀርብ የሚጮኸው የኋላ ሴንሰሬ ምንም ሳይኖር ይጮሃል፣ ልቀይረው?» መልሴም ያው ነው፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እየሰማ እንደሆነ እንወቅ።

አዎ፣ እየሰማ። ባምፐሩ ላይ ያሉት ክብ ነገሮች ዓይን ቢመስሉም ጆሮ ናቸው። በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ፣ እኛ የማንሰማው ድምፅ ይለቃሉ። ከዚያ ጸጥ ብለው የገደል ማሚቶውን ይጠብቃሉ። አንድ ሜትር ላይ ያለ ግድግዳ ድምፁን በ6 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመልሰዋል። በዚህች ቅጽበት ሌላ ድምፅ ጣልቃ ከገባ ሴንሰሩ ማሚቶው መስሎት ይጮሃል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መቼ መቼ እንደሚጮህ ልብ በሉ።

ትልቅ መኪና አጠገብ ሲሆን ብቻ የሚጮህ ከሆነ

እኔን ያደናገረኝ ይሄ ነው። ከቆምኩበት ወደ ኋላ ልወጣ ስል ሴንሰሩ ጮኸ። መስታወት አየሁ፣ ምንም የለም። ወርጄ አየሁ፣ ምንም። ተመልሼ ገባሁ፣ እንደገና ጮኸ። ለካ ጎኔ የቆመው አውቶቡስ የአየር ፍሬኑን «ጭስስ» ባደረገ ቁጥር ነው! ያ ትንፋሽ ጆሯችን ከሚሰማው በላይ የሆነ ድምፅም አለው፤ የሴንሰሩ ድምፅ ያለበት ከፍታ ላይም ይደርሳል። የድንጋይ መቁረጫና የኮምፕሬሰር አየርም እንዲሁ ናቸው።

ይሄ በካቻቢቴ የሚፈታ አይደለም። መፍትሄው ያለው የሴንሰሮቹ ሽቦ የሚገባበት ሳጥን ውስጥ ነው። ጥሩው ሳጥን አንድ ንባብ (የርቀት ልኬት) አይቶ አይጮህም፣ ደጋግሞ ያያል። እውነተኛ ግድግዳ ደጋግሞ አንድ ቦታ ይገኛል፣ ጫጫታ ግን ዝም ብሎ ይዘላል።

በአርዱዊኖ (ፕሮግራም በሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ አምስት ንባብ ውሰዱ። 118፣ 119፣ 41፣ 120፣ 118 ሳንቲ ሜትር መጣ እንበል። አማካዩን ብታሰሉ 103 ይሆናል፤ ያቺ አንዷ 41 ሁሉንም ጎትታ አበላሸች። በቅደም ተከተል ደርድራችሁ መሃለኛውን ብትወስዱ ግን 118 ነው። 41ን ማንም አይሰማትም። በየንባቡ መካከል 60 ሚሊሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ አለዚያ ያለፈው ድምፅ ማሚቶ ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል።

ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚጮህ ከሆነ

የእጅ ፍሬን ያዙ። ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ አብሩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። አሁን ዝም ካለ ችግሩ ውጭ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ነው፦ ወይ ንዝረት፣ ወይ የኤሌክትሪክ ረብሻ። ብዙ ጊዜ የማየው የማሳ ሽቦው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው) የዛገ ብሎን ላይ ታስሮ ነው። ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጋችሁ እሰሩት። የሴንሰሩ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ (ከሙዚቃው ድምፅ ማጉያ) ወፍራም ሽቦ ጋር በአንድ ናስትሮ ተጠቅልሎ ከሆነ ደግሞ ለያዩዋቸው፣ አንድ ስንዝር ይበቃል። የኋላ ማርሽ አምፖሉን በርካሽ ኤልኢዲ ከቀየራችሁ በኋላ የጀመረ ከሆነ የድሮውን መልሳችሁ ሞክሩ። ሳጥኑ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ከዚያው መስመር ነው።

ያለማቋረጥ የሚጮህ ከሆነ

ጭቃ ወይም የውሃ ጠብታ ሊሆን ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ላቫጆ ስትገቡ የውሃውን አፈሙዝ ሴንሰሩ ላይ እንዳያስጠጉት ንገሯቸው።

ንጹህ ሆኖም ከጮኸ ሴንሰሩን የከበበውን የጎማ ቀለበት እዩ። ቃጭል ከተመታ በኋላ ቶሎ ዝም እንደማይል ሁሉ ሴንሰሩም ድምፁን ከለቀቀ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይርገበገባል። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ በደንብ የማይለየውም ለዚህ ነው። ጎማው ከተቀደደ ወይም ፊቱ ባምፐሩን ከነካ ርግብግብታው ይረዝማል። ሴንሰሩም አፍንጫው ስር ነገር ያለ ይመስለዋል። ባምፐር ተቀብቶ ሲመጣ ፊቱ ላይ የተለጠፈ ወፍራም ቀለምም ያንኑ ያደርጋል።

ዕቃ ሲጫን ብቻ የሚጮህ ከሆነ

ሁለት ኩንታል ጤፍ ኋላ ከተጫነ የመኪናው ጀርባ ይወርዳል፣ ሴንሰሩም መሬት መሬቱን ያያል። ጭነቱ ሲራገፍ ዝም ካለ ጤነኛ ነው። መኪናው ባዶ ሆኖም መሬቱን የሚያነብ ከሆነ ሴንሰሩን አውጥታችሁ ጀርባው ላይ ያለውን ቀስት እዩ። ቀስቱ ወደ ላይ መሆን አለበት። ድምፁ ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ጠባብ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ዞሮ ከተገጠመ አስፋልቱን ይጠርጋል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከጮኸ

አንድ ሰው የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ የእግርም የእጅም ፍሬን ይዞ ይቀመጥ፣ ሞተሩ ግን አይነሳ። እናንተ ጆሯችሁን ወደ እያንዳንዱ ሴንሰር አስጠጉ። ደህነኛው «ቲክ ቲክ ቲክ» ይላል። ዝም ያለውን ሴንሰር ሶኬት ሳጥኑ ላይ ከደህነኛው ሶኬት ጋር አቀያይሩት። ዝምታው ወደ ሌላው ሴንሰር ከተዛወረ የተበላሸው ሳጥኑ ነው። ያው ሴንሰር ዝም እንዳለ ከቀረ ግን ራሱ ወይም ሽቦው ነው፤ ያን አንዱን ብቻ ግዙ፣ አራቱንም አይደለም።