ድምፅ የማያበዛ መጠባበቂያ ኃይል፦ ስተርሊንግ ሞተርን ለቤት እንዴት መጠቀም ይቻላል?

የቤንዚን ጄኔሬተር ጎረቤት የሚያውከው ነዳጁ ሲሊንደሩ ውስጥ እየፈነዳ ስለሚቃጠል ነው። ስኮትላንዳዊው ቄስ ሮበርት ስተርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1816 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሞተር ግን እሳቱ ከውጭ ነው። ውስጡ የታሸገው አየር ወይም ሂሊየም በአንድ ወገን ሲሞቅ ይሰፋል፣ በሌላው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ፒስተኑን የሚያንቀሳቅሰው ይኸው ነው። የስዊድን ጎትላንድ ሰርጓጅ መርከቦች ሳይቀሩ ይጠቀሙበታል።

መጀመሪያ የሚፈልጉትን ኃይል ይደምሩ። 9 ዋት የሚወስዱ 5 አምፖሎች፣ 80 ዋት ቴሌቪዥንና 15 ዋት የኢንተርኔት መሣሪያ በድምሩ 140 ዋት ይሆናሉ፤ ለ5 ሰዓት 700 ዋት ሰዓት ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድን ከዚህ ስሌት ያውጡት፤ ብቻውን በሺህ የሚቆጠር ዋት ይበላል።

ቀጥሎ ለቤት አገልግሎት የተሠራ ሞተር ይፈልጉ። ከጣሳ የሚሠሩት ማሳያዎች ለመማሪያ እንጂ ለመብራት አይሆኑም። የኒውዚላንዱ ዊስፐርጄን እስከ 1 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ሙቀት ግን የሚሄደው ወደ ውሃ ነው። ስለዚህ ሞተሩን መብራት የሚያመነጭ የውሃ ማሞቂያ አድርገው ይቁጠሩት። ሙቅ ውሃ የማያስፈልገው ቤት በሶላርና በባትሪ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ትልቁ ሥራ ማቀዝቀዣው ነው። ኃይሉ የሚገኘው በሞቃቱና በቀዝቃዛው ወገን መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ስለሆነ፣ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ከአንድ በርሜል ወደ ሞተሩ እየዞረ መመለስ አለበት። በርሜሉ አነስተኛ ከሆነ ውሃው ቶሎ ይሞቅና ሞተሩ ይደክማል። ያን ጊዜ እሳት መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ሙቁን ውሃ ቀድተው ለእጥበት ያውሉት፣ በምትኩ ቀዝቃዛ ይጨምሩ።

ሞተሩ እስኪሞቅ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ጭነት በድንገት ሲጨመርበትም ቶሎ አይከተልም። ስለዚህ እሱ ባትሪ ይሙላ፣ ቤቱ ከባትሪው በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ በሚቀይር መሣሪያ) ይጠቀም። ለ700 ዋት ሰዓት 12 ቮልት፣ 150 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊድ አሲድ ባትሪ ይበቃል፤ ከግማሽ በታች ግን አያውርዱት።

ከቤቱ መስመር ጋር የሚያገናኘውን መቀየሪያ ባለሙያ ይግጠመው። ያለ እሱ ኃይሉ ወደ ውጭ መስመር ተመልሶ ምሰሶ ላይ የሚሠራ ሰው ሊገድል ይችላል። ሞተሩ ዝም ቢልም እሳቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣልና ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ።

ሲያቆሙ እሳቱን አስቀድመው ያጥፉ፤ የውሃውን ፓምፕ ግን ሞቃቱ ወገን እስኪበርድ ድረስ አያቋርጡት።