ለቮልስዋገኔ የመረጥሁት ካምሻፍት
ደብረ ብርሃን የምነዳት ባለ 1600 ሲሲ ቮልስዋገን፣ ቫልቮችን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ የእሽቅድምድም ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ) ከተገጠመላት ወዲህ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስትወጣ አቅም ታጣ ነበር። ከ2,800 ሜትር በላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ አስቀድሞ ኃይል ይጎድለዋል፤ እንዲህ ያለው ካምሻፍት ደግሞ በዝቅተኛ ዙር የገባውን አየር በከፊል ወደ ኋላ ስለሚመልስ ችግሩን ያባብሰዋል። ጥፋቱ የነዳጅና አየር መቀላቀያው መስሎኝ ካርቡሬተሩን በመነካካት ያባከንሁት ጊዜ ይቆጨኛል። በመጨረሻ የፋብሪካውን ዓይነት ካምሻፍት መረጥሁ። ካምሻፍቱ በሞተሩ አካል ሁለት ግማሾች መካከል ስለሚቀመጥ ሞተሩን አውርዶ መክፈት ግድ ነው፤ ያረጁት የካም ገፊዎችም (በካምሻፍቱ ጉብታዎች ላይ እየተንሸራተቱ ቫልቮችን የሚገፉት) አዲሱን ካምሻፍት ስለሚበሉት አብረው ተለወጡ። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር አድርጌ፣ ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በደቂቃ 2,000 ዙር ገደማ አሠራሁት። አሁን ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ሳትታፈን ትወጣለች።