ክፍት ምንጭ የሆነ የምርጫ ሶፍትዌርን ለጀማሪዎች እንዴት ማቅለል ይቻላል፦ ሄሊዮስ እንደ ምሳሌ

ሄሊዮስ ቤን አዲዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የኢንተርኔት ድምፅ መስጫ ሶፍትዌር ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንኛውም ማኅበር ያለ ክፍያ በራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭነው ይችላል። ድምፁ ከመራጩ ኮምፒውተር ከመውጣቱ በፊት ይመሰጠራል፤ መራጩ ድምፁ ሳይለወጥ መመዝገቡን፣ ታዛቢውም ቆጠራው ትክክል መሆኑን ራሳቸው ማረጋገጥ ይችላሉ። በቤልጅየም የሚገኘው የሉቫን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በ2009 ፕሬዚዳንቱን የመረጠው በዚሁ ሶፍትዌር ነው።

በአንድ ማኅበር ውስጥ ሶፍትዌሩን መጫን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ሌሎቹ አባላት እሱን ከማመን በቀር አማራጭ አይኖራቸውም። ለመጫን የቀለለ ሶፍትዌርን ተፎካካሪውም፣ ታዛቢውም፣ ተጠራጣሪውም ጭነው ሊመረምሩት ስለሚችሉ፣ ማቅለል የምርጫውን ተአማኒነት ከማጠናከር ተለይቶ የሚታይ ሥራ አይደለም። ከዚህ በታች የቀረቡት እርምጃዎች ይህን ሥራ በበጎ ፈቃድ ማገዝ ለሚፈልጉ ሰዎች የታሰቡ ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሎቹ የፕሮግራም ችሎታ አይጠይቁም።

መጀመሪያ፣ ጀማሪ ሲጭን ይመልከቱ

ኮምፒውተር መጠቀም የሚያውቅ፣ ሰርቨር ግን አስተዳድሮ የማያውቅ አንድ ሰው ያግኙ። ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተርና የፕሮጀክቱን የመጫኛ መመሪያ ይስጡትና አጠገቡ ተቀምጠው ሳይረዱት የቆመበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግቡ። ዝምታው ከባድ ነው፤ ነገር ግን እጅዎን ባስገቡ ቁጥር መስተካከል ያለበት ጉድለት ከእይታ ይሰወራል።

ሄሊዮስ የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን፣ መረጃ የሚቀመጥበትን ፖስትግሬስ ዳታቤዝን፣ መልእክት የሚያስተላልፈውን ራቢት ኤምኪውን እና ከበስተጀርባ ሥራ የሚያከናውነውን ሴለሪን ይፈልጋል። ጀማሪን አብዝቶ የሚያሳስተው የመጨረሻው ነው። የመራጮችን ዝርዝር መመዝገብ፣ ኢሜይል መላክና ድምፅ መቁጠር ለሴለሪ የሚተላለፉ ሥራዎች ስለሆኑ፣ ሴለሪ ሳይነሣ ድረ ገጹ ቢከፈት ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል፤ የመራጮቹ ዝርዝር ግን እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

ቀጥሎ፣ አራቱን ክፍሎች በአንድ ትእዛዝ ያስነሡ

ለዚህ የተለመደው መሣሪያ፣ የሶፍትዌር ክፍሎችን ኮንቴይነር በሚባሉ ራሳቸውን በቻሉ ማሸጊያዎች ውስጥ የሚያስነሣው ዶከር ነው። ዳታቤዙን፣ ራቢት ኤምኪውን፣ ድረ ገጹንና ሴለሪን ክፍሎቹን በአንድነት በሚያስነሣ አንድ የዶከር ኮምፖዝ ፋይል ይግለጿቸው። ዳታቤዙ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆን ድረስ ድረ ገጹ እንዲጠብቅ ያድርጉ፤ ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ሙከራ ይከሽፍና ጀማሪው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። የዳታቤዙ መረጃ ከኮንቴይነሩ ውጭ በቋሚ ማከማቻ እንዲቀመጥም ማድረግ ይገባል፤ አለበለዚያ ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ የተመዘገቡት መራጮችና የሰጡት ድምፅ አብረው ይጠፋሉ። የሰርቨሩ ሚስጥራዊ ቃል በእያንዳንዱ ጭነት ላይ በራሱ አዲስ ሆኖ እንዲፈጠር ያድርጉ፤ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን የምሳሌ ቃል እንዳለ የሚተወው ሰው ብዙ ነውና።

ከዚያም የእያንዳንዱን ክፍል ሁኔታ የሚያሳይ አንድ የፍተሻ ገጽ ይጨምሩ። መልእክቱ «ሴለሪ አልተነሣም፤ ስለዚህ የመራጮች ዝርዝር አይመዘገብም» ዓይነት፣ ችግሩንና የሚያስከትለውን ነገር አብሮ የሚናገር ይሁን። ኢሜይል መላኪያ ገና ላላዘጋጀ ሰው፣ ሄሊዮስ የተሠራበት የፓይተን ማዕቀፍ ጃንጎ ኢሜይሉን ከመላክ ይልቅ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በተርሚናሉ ላይ የሚያሳይበት አማራጭ አለው። ለሙከራ ይህንኑ መነሻ ማድረግና አምስት ምናባዊ መራጮች ያሉት የልምምድ ምርጫ አዘጋጅቶ ማቅረብ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

የመራጩን መንገድ ማስተካከል

በቴክሳስ የሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት ሄሊዮስን ጨምሮ መራጩ ድምፁን ራሱ ሊያረጋግጥባቸው የሚችሉ ሦስት ሥርዓቶችን በተጠቃሚዎች ሲሞክሩ፣ በተሳካ ሁኔታ የገባው ድምፅ በድምሩ 58 በመቶ ብቻ ነበር። በሄሊዮስ በኩል አንዱ አሳሳች ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ መራጩ በመጀመሪያ ይመርጣል፣ ምርጫው ይመሰጠራል፣ ማንነቱን የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። መመስጠሩን ያየ ሰው ጨርሻለሁ ብሎ ገጹን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከማንነት ማረጋገጫው በፊት ባሉት ገጾች ሁሉ ላይ «ድምፅዎ ገና አልገባም» የሚል ጎላ ያለ ጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ድምፁ ሲገባም ይኸው በግልጽ ይነገረው። ምስጠራው ትክክል መሆኑን ለማየት ድምፅን ለምርመራ የመክፈቻው አማራጭ ለሚፈልገው ይኑር እንጂ ዋናውን መንገድ አያጨናንቅ፤ ለምርመራ የተከፈተ ድምፅ እንደማይቆጠርና እንደገና መመስጠር እንዳለበትም እዚያው ይጻፍ።

ለአማርኛ ተጠቃሚዎች

ጽሑፉን መተርጎም የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ሄሊዮስ ምርጫው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ጊዜ የሚጠይቀው ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ያለ አስተባባሪ ምርጫውን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሊዘጋ ቢፈልግ መሙላት ያለበት 15 ሰዓት ብሎ ነው፤ 18 ብሎ ከሞላ ምርጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቆያል። አባላቱ ዋሽንግተንና ዱባይ ጭምር ላሉ ማኅበር ደግሞ ስሕተቱ ይባዛል። አስተባባሪው የአገሩን ሰዓት እንዲመርጥ የሚያስችል ሳጥን ቢጨመር፣ በሥሩም ጊዜው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከቀኑ ወይም ከሌሊቱ ተብሎ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ይወገዳል።

የመራጮች ዝርዝርም የራሱ ጣጣ አለው። በኤክሴል የተዘጋጀ የአማርኛ ዝርዝር ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደላት አቀማመጥ ካልተቀመጠ ፊደሎቹ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይመጣሉ፤ ሶፍትዌሩ ይህን ሲያይ ተቀብሎ ከማለፍ ይልቅ ቆሞ ማሳወቅ ይኖርበታል። ኃይሉና ሀይሉ፣ ጸሐይና ፀሀይ አንድ ሰው ሆነው ሳለ ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ፣ መራጭን በስም ሳይሆን በአባልነት ቁጥር መለየት ይሻላል።

የማይቀለለው ክፍል

ቆጠራውን የሚፈታው ሚስጥራዊ ቁልፍ ተከፋፍሎ በተመረጡ ባለአደራዎች እጅ ይቀመጣል። ለጀማሪ ማቅለል ከሆነ ዓላማው፣ ባለአደራዎችን አስቀርቶ ሁሉንም ለሰርቨሩ መተው የሚማርክ አቋራጭ ነው። ነገር ግን እንዲህ ከተደረገ ሰርቨሩን የያዘው ሰው የእያንዳንዱን መራጭ ድምፅ ማየት ይችላል፤ ስለዚህ ይህን አቋራጭ ለእውነተኛ ምርጫ እንዳይጠቀሙበት አጥብቄ እመክራለሁ። ሌላው ጽንፍ፣ ማለትም የሁሉም ባለአደራዎች ቁልፍ ካልተሟላ መቁጠር አለመቻሉም አደጋ አለው። ዓለም አቀፉ የክሪፕቶሎጂ ምርምር ማኅበር በ2025 በሄሊዮስ ያካሄደው ምርጫ፣ ከሦስቱ ባለአደራዎች አንዱ ቁልፉ ስለጠፋበት ሳይቆጠር ቀርቶ እንደገና መካሄድ ነበረበት፤ ማኅበሩም ከሦስቱ ሁለቱ በቂ ወደሚሆኑበት አሠራር እንደሚሸጋገር አስታውቋል። በሙያው የተካኑት ሰዎች ይህ ከደረሰባቸው፣ ለጀማሪ የሚዘጋጅ ሶፍትዌር ባለአደራው ቁልፉን በሁለት ቦታ ማስቀመጡን ሳያረጋግጥ ምርጫውን መክፈት የለበትም። ባለአደራው የያዘው ቁልፍ የሚሠራ መሆኑን ድምፅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት የሚሞክርበት የቁልፍ ማረጋገጫ ገጽም አይታለፍ።

በመመሪያው መግቢያ ላይ አንድ ገደብ በግልጽ ይስፈር፦ በቤት ሆኖ ድምፅ በሚሰጥበት አሠራር ሌላ ሰው መራጩን ማስገደዱን ሶፍትዌሩ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ሄሊዮስ ለማኅበራትና ለክበባት እንጂ ለመንግሥት ሥልጣን ምርጫ የታሰበ አይደለም።

ለውጦቹን ለፕሮጀክቱ ሲያቀርቡ አንድ በአንድ፣ ከመጫኛ መመሪያው እርማት ጀምረው ይላኩ፤ ትንሽ ለውጥ ቶሎ ይመረመራል። ከእያንዳንዱ ጋር ጀማሪው የት ቆሞ እንደነበርና ከለውጡ በኋላ ምን እንደሆነ አብረው ይጻፉ፤ ለሁለተኛው ሙከራ ግን ሶፍትዌሩን ፈጽሞ አይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው ያስፈልግዎታል።